የሚወጋው ጥድ

ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ብይ የሚያክል ደረቅ የፈረንጅ ጥድ ፍሬ፣ ሌላው የአበሻ ጥድ ቅንጣቢ። ሁለቱንም ባለፈው አረፋ ማግስት ከከሚሴ በላይ፣ ተራራው ላይ ካለው የመንደራችን መቃብር ነው ያመጣኋቸው። ልጄ ፍሬውን እያንከባለለች ትጫወትበታለች። እኔ ደግሞ ቅጠሉን አሸት ሳደርገው ሽታው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያደርገኛል፤ መዳፌን የሚወጋኝ ይመስለኛል። ግን አይወጋም። እስካሁንም የሚገርመኝ ይኸው ነው።

አባቴ የሞተው ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ወራት ስለተኛ ጀርባው ቆስሎ ነበር፤ የአንሶላ እጥፋት እንኳ ያመዋል። እናቴ ፍርፋሪ እንዳይኖር አንሶላውን በጣቷ ትዳብስ ነበር፣ እኔም ከእሷ አይቼ እዳብስ ነበር። በዚያው ሳምንት የጓደኛዬ የፋጡማ እናት በወባ ሞተች። ጎን ለጎን፣ አራት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ተቀበሩ። እኔና ፋጡማ አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው፤ ወደ ትምህርት ስንመለስ መምህራችን ማንን እንደሚያጽናኑ ቸግሯቸው ሁለታችንንም ባንድ ላይ አቀፉን።

በእኛ አገር የሟች ልጅ በመቃብሩ ራስጌ እርጥብ ነገር ይተክላል። ቅጠሉ እስከለመለመ ድረስ ተስቢህ ያደርጋል፣ አላህን ያወድሳል፣ ለሟቹም ይቀልለታል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። አጎቴ ሁለታችንን ችግኝ ጣቢያ ወሰደንና ጠባቂው አባ ይመር በጥቁር ላስቲክ ያሉ ሁለት ጥዶች ሰጡን። ለእኔ የአበሻ ጥድ፣ ለፋጡማ የፈረንጅ ጥድ ደረሰን። ሳያቸው ያው ጥድ ናቸው፤ ስነካቸው ግን የፋጡማው እንደ ጫጩት ላባ ይለሰልሳል፣ የእኔው መርፌ ነው። ይለወጥልኝ ማለት አፈርኩ። አጎቴ ፊቴን አይቶ የአበሻው ዕድሜው ረጅም እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ዕድሜውን ምን ላድርገው? የማስበው የአባቴን ጀርባ ነበር።

ተከልን። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ብቻዬን ወደ መቃብሩ ወጣሁ። መሬቱ ገና ስላልጠበቀ ችግኞቹ ከነአፈራቸው ወጡልኝ። ለስላሳውን ለአባቴ፣ የሚወጋውን ለፋጡማ እናት አዛውሬ ተከልኩና እጄን በቀሚሴ ጠራርጌ ወረድኩ። ያን ቀን እራት አልበላሁም። እናቴ ሐዘን መስሏት አቀፈችኝ፤ እራቱን ያስተወኝ ግን ከሞተ ሰው፣ ያውም ከጓደኛዬ እናት መስረቄ ነበር። በነጋታው ፋጡማ ቆሎዋን ስታካፍለኝ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከፍቼም ቆሎውን በላሁበት።

ለዓመታት ወደ መቃብሩ ለመውጣት አልደፈርኩም፤ ከዚያም ኑሮ በተነን። ፋጡማ ባቲ ላለ አናጢ ተዳረች፣ እኔ ኮምቦልቻ ሥራ ያዝኩ። ጎርፉ የመቃብሮቹን አፈር ደለደለው፣ የራስጌ ድንጋዮቹን አንከባለላቸው፤ ምልክት ሆነው የቀሩት ጥዶቹ ብቻ ናቸው። በሄድኩ ቁጥር ለስላሳው ጥድ ሥር ቁጭ ብዬ ለአባቴ ዱዓ አደርጋለሁ። የሚወጋውን ግን እፍረት ይዞኝ ተጠግቼው አላውቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለስላሳውን ተባይ በላውና ከጫፉ ጀምሮ ደረቀ። ያኛው ለምለም እንደሆነ ቀረ፣ ወፍ ይሰፍርበታል። ለአባቴ ያተረፍኩለት ይህንን ነው ብዬ አለቀስኩ፤ የሚያቀልለትን ተስቢህ በገዛ እጄ ያቋረጥኩበት መሰለኝ።

ባለፈው አረፋ ማግስት ስወጣ፣ ደረቁ ጥድ ሥር አንዲት ሴት እጇን ለዱዓ ዘርግታ ተቀምጣለች። ቀና ስትል ፋጡማ ናት። «አከም ጅርታ» ተባብለን፣ ተቃቅፈን ተላቀስን። ከዚያ ለአባቴ ዱዓ ስለምታደርግለት አመሰገንኳት። ግር ብሏት አየችኝና ወደ ለምለሙ ጥድ አመለከተች።

«አባትሽማ ያውልሽ» አለችኝ። «ይቺ እናቴ ናት።»

ያኔ ያደረግኩትን ሁሉ እዚያው ነገርኳት። ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ሰማችኝ፤ ታለቅሳለች ስል ትስቅ ኖሯል።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ አንቺ ነሻ! እኔ እኮ አጎትሽ ያዛወረው መስሎኝ፣ ለማንም ሳልናገር በሳምንቱ መለስኩት። እሾህ እናቴ ላይ ሲተከል እንዴት ያስችለኝ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ደፈረሰ። ያን ሁሉ ዘመን አባቴ ከጀርባዬ አራት እርምጃ ላይ በለምለም ጥላ ሥር ተኝቶ፣ እኔ በሰው እናት ራስጌ ሳለቅስ ኖሬያለሁ። አባቴ ጥዱ ስላልደረቀበት ልደሰት? የደረቀው እኮ የፋጡማ እናት ጥድ ነው። ፋጡማ የሰረቅኳትን ባትመልስ ኖሮ ለምለሙ የእናቷ ይሆን ነበር። ማን ማንን እንደበደለ መለየት አቃተኝ። ዱዓዬ ሁሉ የሰው ቤት ገብቶ ቀረ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ዱዓ እንደ እኛ መንገድ አይጠፋውም» አለችኝ።

ክንዴን ይዛ ወደ ለምለሙ ጥድ ወሰደችኝ። እየፈራሁ እጄን ሰደድኩ። ቅጠሉ ልስልስ ብሎ በመዳፌ ላይ አለፈ። ሌላ ጥድ ነው ብዬ ተከራከርኳት።

«የአበሻ ጥድ የሚወጋው ልጅ እያለ ነው» አለች የአናጢ ሚስት። «ሲያድግ ይተዋል።»

ያኔ ይህን አንድ ሰው ቢነግረን ኖሮ! አጎቴ ስለ ዕድሜው ብቻ ነበር የነገረኝ፤ እኔም ምን እንደሚያስፈራኝ አልነገርኩትም። አሁን ልጄ የምትፈራውን እንድትነግረኝ ስለምናት የምኖረው ለዚህ ይሆናል። የዚያን ዕለት ከአባቴ ጥድ አንድ ለምለም ቅርንጫፍ ዘነጠልኩና በፋጡማ እናት ራስጌ መሬቱን ምሼ ተከልኩት። በዚህኛው ጊዜ ግን ተደብቄ አልነበረም፤ ፋጡማ አጠገቤ ተንበርክካ አፈሩን ትመልስልኝ ነበር።