ቅቤ የማትበላ አራስ

በ2001 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሐምሌ ተጋምሶ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ግቢያችንን አቋርጦ ያልፍ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከባሕር ዛፉ ግርጌ፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ አራስ ነበርኩ። ልጄ ዛሬ በቁመት በልጣኛለች፤ ያኔ ግን አንድ ክንዴ ይበቃት ነበር። ለብዙ ዓመት ለምነን የተሰጠችን የመጀመሪያ ልጃችን ናት። አንድ ጠዋት ጨርቋ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ደም አየሁ።

መገናኛ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ ወጣት ነው። ብዙ ጠየቀኝ፣ ጨርቁንም አየ።

"የሚያማት የላም ወተት ነው" አለ። "አንቺ የምትበዪው በጡትሽ በኩል ይደርሳታል። ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎ፣ ምንም እንዳትቀምሺ። ጡት ግን እንዳትከለክያት።"

እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከዚያ የባሰ ነገር ጠብቄ ነበር። የባሰው ቤት እንደሚጠብቀኝ አልታየኝም።

አማቴ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ከገጠር መጥተው እየተንከባከቡኝ ነበር። ቅል ሙሉ ቅቤ ይዘው ነው የመጡት። ውሃ ይቀዳሉ፣ ጨርቅ ያጥባሉ፣ ያበስላሉ። እኔን ግን አይወዱኝም። ልጃቸውን ከቤተ ክርስቲያናቸው አውጥቼ ጴንጤ ያደረግሁት እኔ ነኝ ብለው ያምኑ ነበር። ልጅቷ ክርስትና እንደማትነሳ ሲሰሙ ደግሞ ቁጣቸው ጨመረ።

ማታ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው።

"ለአራስ ቅቤ ክልክል ነው አለ?"

"አዎ፣ እማማ። ለልጅቷ ሲባል ነው።"

"ደግሞ የማን ልጅ ነው ይሄ? የሱ እናት በውሃ ነው የታረሰችው?" ወደ ባለቤቴ ዞሩ። ባለቤቴ አያት ሰፈር ለሚሠራው ኮንዶሚኒየም በገልባጭ መኪና አሸዋ ያመላልስ ነበር። "አንተን ስወልድ የበላሁት ቅቤ ነው እስከ ዛሬ መኪና የሚያስነዳህ!"

ባለቤቴ ጫማውን መፍታት ቀጠለ።

"አንቺ ደግሞ" አሉኝ፣ "በጾም አልጾምም ብለሽ ሥጋ ትቆርጫለሽ፣ በፍስኩ ትጾሚያለሽ። የእናንተ ሃይማኖት ነገሩ ሁሉ የተገለበጠ ነው። ይልቅ ልጅቷን አስጠምቂያትና ያልተሻላት እንደሆነ ንገሪኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤ አቆምኩ።

ቀላል አልነበረም። ጠዋት አጥሚት በውሃ፣ ቀን ሽሮ በዘይት፣ ማታ ገንፎ በተልባ ወይም በዘይትና በበርበሬ። አማቴ ሳህኑን ፊቴ የሚያስቀምጡት ለውሻ እንደሚሰጥ አድርገው ነበር። ጡት የምታጠባ ሴት ረሃቧ ሌላ ነው። በልቼ እንደተነሳሁ ይርበኝ ነበር። ከሱቅ ብስኩት አስገዝቼ ልበላ ስል ጀርባው ላይ ወተት የሚል አነበብኩና መልሼ አስቀመጥኩት። አንድ ሌሊት አይብ በሕልሜ በላሁ፤ ነቅቼ አለቀስኩ።

አናቴን ቅቤ መቀባት ግን አማቴ አልተውም አሉ። ሐኪሙ ስለ ራስ ፀጉር ያለው ነገር የለም፣ እኔም እሺ አልኩ። ቤቱ፣ ትራሱ፣ ነጠላዬ፣ ሁሉ ነገር ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር።

ነሐሴ ሲገባ የልጄ ጨርቅ ንጹሕ ሆነ። ማልቀሷም ቀነሰ። ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

አስቸጋሪዎቹ ጠያቂዎች ነበሩ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን እህቶችም፣ የአማቴ ወዳጆችም፣ የግቢው ሰዎችም ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፤ መሀሉ ላይ ቅቤው እንደ ኩሬ ተኝቶ። አልበላም ስል ይከፋቸዋል። ምክንያቱን ስነግራቸው ግማሾቹ አያምኑኝም። አንዷ ደጃፍ ሳትደርስ "ኮርታለች" ስትል ሰማኋት። ማስረዳቱ ደከመኝ። እኔ በተፈጥሮዬ ብዙ አላወራም።

ሥራዬ ሕፃናት ማስተማር ስለነበር ቤቴ ማርከር አይጠፋም። ፍልሰታ ገብቶ ነበር። አማቴ በየቀኑ ረፋድ ላይ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ይወጣሉ፤ አስቀድሰው እስኪመለሱ ድረስ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። እርሳቸው በሌሉበት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የጫማ ካርቶን ቆርጬ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩበትና እንደ ፖስት ካርድ አጠፍኩት።

በውጪው ገጽ ልጄን ሳልኳት፤ ራሰ በራ፣ ጣቷን ቀስራ። ከሥሯ "እንኳን ደህና መጣችሁ። ምን ይዛችሁ መጣችሁ?" ብዬ ጻፍኩ። ሲከፈት አንዲት ላም አለች። እንባዋን ታፈሳለች። ለሐዘን እንደተቀመጠች ሴት ነጠላ አለበስኳት። ከጎኗ እንዲህ ይላል፦

"ማስታወቂያ። ጾሙን ያወጅኩት እኔ ነኝ፣ በእናቴ አትፍረዱ። ቅቤ ያመጣችሁ ለአባቴ ስጡት፤ እሱ ምንም አይለውም። ላሟን ይቅርታ ጠይቀናል።"

በዚያን ጊዜ ያለ ማህተም የሚያልፍ ወረቀት አልነበረም። የልጄን የእግር አውራ ጣት በእስክርቢቶ ቀለም ቀብቼ ከጽሑፉ ሥር አሳረፍኩት። ክብ ወጣ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከወለድኩ የመጀመሪያ ሳቄ ይመስለኛል።

ካርዱን ጠያቂ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። መጀመሪያ ያነበበችው ጎረቤታችን ባለሱቋ ናት። ሙስሊም ናት፣ ሳቋ ከግቢው አልፎ ይሰማል። ልክ እርሷ ስታነብ አማቴ ከቅዳሴ ገቡ።

"ምንድን ነው የሚያስቅሽ?" አሏት። እርሳቸው ማንበብ አይችሉም።

ባለሱቋ ምንም ክፉ ሳታስብ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። "የቀበሌ ማህተም እንኳ አልቀረባት፣ ይዩልኝ!" አለች። "የኛም ረመዳን ሊገባ ነው። ይህ ግቢ እንግዲህ እህል የሚባል ላያይ ነው!"

አማቴ አልሳቁም። ካርዱን ተቀብለው ላሟን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ነጠላ ለብሳለች" አሉ።

"ለጨዋታ ነው፣ እማማ።"

"እዚህ ቤት ነጠላ ሳያወልቅ የሚውል ማን ነው? እኔ ነኝ። ቅቤውን ያመጣሁት እኔ፣ የማለቅሰውም እኔ። ላም አድርገሽ ሳልሽኝ።"

"እማማ፣ በፍጹም..."

"ሰው ሁሉ እየመጣ እንዲስቅብኝ ጠረጴዛ ላይ አቆምሽኝ። የሰው ፊት እያየሁ የለቀምኩት ቅቤ መርዝ ተባለ።" ካርዱን ይዘው ወጥ ቤት ገቡና እሳት ውስጥ ጨመሩት። ባለሱቋ ጫማዋን ፈልጋ ወጣች።

ላሟን ስስል እርሳቸውን አላሰብኩም። ምዬ ብነግራቸውም የሚያምኑኝ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። ምግቡን ያመጣሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ይወጣሉ። በር ሲዘጉ ግድግዳው ይነቃነቃል። ባለቤቴ ማታ ሲገባ ከሁለታችንም ፊት ሸሽቶ ልጁን ይታቀፋል።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲቃረብ ልጄ እንደገና ሌሊቱን ሙሉ ታለቅስ ጀመር። ከዚያ አንድ ቀን ጨርቋን ስፈታ ደሙን አየሁት። ተመልሷል።

የበላሁትን ሁሉ አሰብኩ። ከአማቴ እጅ ካልሆነ በቀር ምንም አልቀመስኩም። ማሽተት አልችልም፤ ከገዛ አናቴ የሚወርደው የቅቤ ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶታል። በርበሬውም ምላስ ያቃጥላል። እየጸለይኩ ዋልኩ።

አማቴ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ገና ምንም ሳይቀምሱ፣ ገንፎዬን ሠርተው አመጡ። ከመሀሉ ዘይትና በርበሬ ነበረበት። ባለቤቴም ገብቶ ተቀምጧል።

"እማማ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። "የጾም ገንፎ አይደል? ርቦዎታል። አብረን እንብላ።"

"ብይ።"

ከገንፎው ቆረስኩና ወደ አፋቸው ዘረጋሁ። ለጉርሻ እምቢ አይሉም፤ ነውር ነው። "በሞቴ" አልኩ።

እጄን በክንዳቸው መቱት። ገንፎው መሬት ወደቀ።

"ጾሜን አታስፈቺኝም!" አሉ።

ባለቤቴ የወደቀውን ገንፎ አየ፣ ከዚያ እናቱን አየ። እርሳቸውም አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

"ቅቤው ገንፎው ውስጥ ነው?" አልኳቸው።

"አዎ፣ ገንፎው ውስጥ ነው!" አሉ። ዋሽተው አያውቁም፣ ያኔም አልዋሹም። "ከስተሽ አጥንትሽ ወጣ። ነገ ወተትሽ ቢነጥፍ ልጄ ምን ትጠባለች? አራስ ጾም የለባትም። ቤተ ክርስቲያን ያልከለከለችውን አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ጎረምሳ ይከልክል?"

የልጄን ጨርቅ ከአልጋው ሥር አውጥቼ ፊታቸው ዘረጋሁት።

"እርስዎ ለጾምዎ እጄን መቱ" አልኩ። "እኔ የልጄን ጾም ማን ያክብርልኝ?"

ጨርቁን አዩት። ባለቤቴ "እማዬ፣ ልጄ ናት" አለ። በዚያ ክረምት ለእናቱ የመለሰላቸው ቃል ይህ ብቻ ነው።

"ነገ አገሬ እገባለሁ" አሉ። ልብሳቸውን ጠቅልለው መደቡ ላይ አኖሩ። ራታቸውን ሳይበሉ ተኙ። እኔም ስለ ልጄ ለመንኩ፤ ከዚያ ስለ እርሳቸው አመሰገንኩ። የሚያጥቡልኝ ጨርቅ ስንት እንደነበር አውቃለሁ። ማመስገኑ ግን ንዴቴን አላበረደውም።

በማግስቱ ሰው ሳይነሳ ተነሳሁ። አራስ ወጥ ቤት አትገባም፤ እኔ ገባሁ። ድስቱን በአመድ ፈትጌ አጠብኩ፣ እሳት አነደድኩ፣ ገንፎዬን በገዛ እጄ አገነፋሁ። በልቼ ስጨርስ የወጥ ቤቱን በር ቆለፍኩና ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

አማቴ ነጠላቸውን ለብሰው ሲወጡ አዩኝ።

"ማተብ የማታስር አንገት ቁልፍ አሰረች" አሉ። ጥቅልላቸውን መደቡ ላይ እንዳለ ትተው፣ ጭቃውን እየረገጡ ወደ እንጦጦ ቅዳሴያቸው ወጡ።

ብረቱ እንዳይቀዘቅዛት ቁልፉን ወደ ጀርባዬ አዞርኩና ልጄን አጠባኋት።