የጫንጮ መንገድና የአባቴ ቅቤ

አባቴ ከመሸመኛው ጉድጓድ አጠገብ የማትጠፋ አንዲት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አለችው። ውስጧ ሰምና ቅቤ አብሮ ቀልጦ የረጋበት ቢጫ ቅባት አለ። መወርወሪያው ክሩን ሳይነክስ ከእጅ ወደ እጅ እንዲንሸራተት ጠዋት ጠዋት በዚያ ያሸዋል። ክዳኗ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ግማሹ የማር ነው፣ ግማሹ የወጥ ቤት። ለሌላው ሰው የሸማኔ ቤት ሽታ ነው፣ በቃ። እኔ ግን ዛሬም ሲሸተኝ ጣቶቼ ይጨበጣሉ፤ የሌለ ፍሬን ይፈልጋሉ።

ልጅ እያለሁ ሽሮ ሜዳ ላይ ሳይክል የወንድ ልጅ ነገር ነበር። ዊንጌት አካባቢ ደሳለኝ የሚባል፣ በወጣትነቱ ይወዳደር የነበረ፣ ጉልበቱ ላይ የአስፋልት ጠባሳ ያለበት ሰው የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ እሑድ እሑድ ያስነዳ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ደግሞ በዓመት አንዴ ረጅሙ ጉዞ ይመጣል፦ ከዊንጌት ተነስቶ፣ አዲሱ ገበያን አልፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ በሱሉልታ በኩል ጫንጮ ደርሶ መመለስ። በዚያ ጉዞ ሴት ልጅ ሄዳ አታውቅም። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የአጎቴ አሮጌ ሳይክል ነበረኝ፤ ደሳለኝን ከመጨቅጨቄ ብዛት ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ እሺ አለ። «አንቺ ካጠፋሽ ግን ከአንቺ በኋላ የምትመጣም ሴት የለችም» ብሎ ነው እሺ ያለው።

ሕጉ አጭር ነበር። ዳገት ላይ ሁሉም እንደ ጉልበቱ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ግን አንድ መስመር ነው፤ ደሳለኝ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ፤ እሱን ያለፈ ሰው ሁለተኛ ከቡድኑ ጋር አይነዳም። ሳይክሉ የተበላሸበት ደግሞ ከኋላችን በምትከተለው ፒክአፕ ላይ ይጫናል። እሷን «ቃሬዛ» እንላት ነበር። ቃሬዛ ላይ ተጭኖ የተመለሰ ልጅ ስሙ እስከሚቀጥለው ክረምት አይነሳም፤ ከተነሳም ለመሳቂያ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ደሳለኝ የሁላችንንም ሳይክል አንድ በአንድ አየ። የእኔን ፍሬን ጨብጦ ጎማውን ገፋው፤ ንቅንቅ አላለም። «ደህና ነው» አለ። ያን ዕለት ማታ ቤት ውስጥ ሌላ ክርክር ነበር። በአባቴ አገር፣ በጋሞ ደጋ፣ ለክብር የሚወጣ ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። አባቴ ሽሮ ሜዳ ከመጣ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ያቺን ነገር ግን ልቡ አልተዋትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤታችን ሰው ሩቅ መንገድ፣ ያውም በቡድን፣ ያውም እየታየ ሊሄድ ነው። እናቴ ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ስለ ቅቤው መስማት አትፈልግም። የልጄን አናት አትነካም አለችው። አልተከራከራትም። አባቴ ሲሸነፍ ፈገግ ብሎ ወደ ክሩ መመለስ ልማዱ ነው።

ጠዋት ስነሳ ሳይክሉ በር ላይ ቆሞ ያበራል። እንደ ጫጩት ይጮህ የነበረው ሰንሰለት ዝም ብሏል። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«አንቺን ከከለከለችኝ እሱን ቀባሁት» አለ። «የሚፋተገውን ሁሉ ነካክቼልሻለሁ። ክር የሚበጠሰው በፍትጊያ ነው።»

ጉንጩን ሳምኩት፤ ወጣሁ። የሰማሁት ፍቅሩን ብቻ ነበር።

ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለው ዳገት ሳንባ ያወጣል። የባሕር ዛፉ ጠረን ከብርዱ ጋር አፍንጫ ውስጥ ይገባል፤ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ እኛ ጎንበስ ብለን ሽቅብ እንወጣለን። ናቲ የሚባል የጎረቤት ልጅ፣ በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ምላሰኛ፣ አጠገቤ እየነዳ ከደከመሽ ለእናቶቹ ንገሪያቸውና ከእንጨቱ ጋር ይሸከሙሽ ይለኝ ነበር። ሳይክሉ ከምንጊዜውም በላይ ቀሎኝ ነበር። አባቴን በልቤ መረቅኩት።

ወደ ሱሉልታ የሚወርደው መንገድ ገር ነው፤ ነፋሱም ከፊት ይይዛል። እዚያ ላይ ፍሬኑ ለስለስ ሲልብኝ ሽቦው ላልቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ጫንጮ ደርሰን ዳቦ በሻይ ስንበላ ግን የኋላውን ጎማ አንስቼ ፍሬኑን ጨበጥኩ፤ በእጄ አሽከረከርኩት። ዞረ። አጥብቄ ጨብጬም ዞረ። ቸርኬውን በጣቴ ነካሁት፤ ጣቴ አንሸራተተኝ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ማርና ወጥ ቤት።

ያኔ ነው የገባኝ። ፍሬን በመፋተግ የሚኖር ነገር ነው፤ አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ፍትጊያን ሲዋጋ የኖረ ሰው ነው። የፊቱንም የኋላውንም፣ ቸርኬውንም የፍሬኑን ጎማዎችም፣ እንደ መወርወሪያ በፍቅር አሽቷቸዋል።

መናገር ቀላል ይመስላል። ግን በሰፈራችን «ሸማኔ» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚባል አውቅ ነበር። ሰዎች በዓል ሲደርስ በሥራችን ያጌጣሉ፤ ሲጣሉን ደግሞ ያቺን ቃል እንደ ምራቅ ይተፏታል። ደሳለኝ ማን ቀባው ብሎ ይጠይቃል። ናቲ ይሰማል። ማክሰኞ ሳይደርስ ከዊንጌት እስከ ሽሮ ሜዳ ሸማኔው ፍሬን ላይ ቅቤ ቀባ ተብሎ ይሳቃል። አባቴ የጨረሰውን ጋቢ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወደ ገበያ ሲያልፍ፣ በሳቁ መሃል ሲያልፍ፣ ታየኝ። ለምን እንደሚስቁ ሳያውቅ አብሮ ፈገግ ሲል ታየኝ። እሱ ነው የባሰብኝ።

ከሻይ ቤቱ ጓሮ አፈር ዘግኜ ቸርኬውን አሸሁ፤ በሻሼ ጠረግሁ፤ ደግሞ አሸሁ። ናቲ አየኝና ጎማ ታሻለች ብሎ ለሁሉም ተናገረ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቸርኬው ለዓይን ነጻ፤ የፍሬኑ ጎማዎች ግን ቅባቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጡ አድረዋል።

መልሱ ረጅም ነበር። ሜዳው ላይ ነፋሱ ከኋላ እየገፋን ሌሎቹ ይዘፍናሉ፤ እኔ በየመቶ ሜትሩ ፍሬኑን እሞክራለሁ። አንዳንዴ ይይዛል። አንዳንዴ ይይዝና ይለቃል። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ደሳለኝ አስቆመን። ከታች አዲስ አበባ ጭስና ቆርቆሮ ሆና ተዘርግታለች። በመስመር አሰለፈን፤ እኔን ከናቲ ኋላ አደረገኝ።

«ፍሬኑ ያልያዘለት አለ?» አለ። «አሁን ተናገሩ። ታች አይሰማም።»

አፌ ተከፈተ። ከኋላዬ የቃሬዛ ሞተር ያጉረመርማል። ናቲ ዞር ብሎ አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አስቱ፣ ምራቅሽን ዋጪ፣ ያልፋል» አለኝ። ከምራቄ ጋር ቃሉንም ዋጥሁት።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ሁለቱንም ፍሬኖች ጨበጥኩ፤ ሳይክሉ እንዳልሰማ ሰው ቀጠለ። የናቲ ጀርባ እየቀረበኝ መጣ። የሹራቡን ክር መቁጠር እስክችል ቀረበኝ። እግሬን አውርጄ አስፋልቱ ላይ ጎተትኩ፤ የሸራ ጫማዬ ሶል ጮኸ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። አልቆመም። ወደ ግራ ብወጣ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ሽቅብ ይመጣል። ወደ ቀኝ ብወጣ በጠርዙ ላይ እንጨት ተሸካሚዎቹ ይወርዳሉ። ፊት ለፊት ናቲ።

«ናቲ፣ ግራህን ያዝ፣ አልቆምም» አልኩ። አልጮህኩም ብዬ ነው የማስታውሰው፤ እሱ ግን ጆሮዬን በጠስሽው ይላል እስከ ዛሬ። ትንሽ ተጠጋልኝ። በእሱና በእንጨቶቹ መሃል አለፍኩ፤ አንዱ ቅርንጫፍ ክንዴን ከክርን እስከ አንጓ ጫረኝ። ከዚያ ሌሎቹን አለፍኩ፤ ከዚያ ደሳለኝን አለፍኩ። ፊሽካውን ሰማሁ። ጠባሳ ያለበት ጉልበቱ ጎኔ ላይ ታየና ጠፋ። ከእንግዲህ ከፊቴ ማንም አልነበረም፤ ቁልቁለቱና ከተማው ብቻ። በመልስ የየልጁ ቤተሰብ አዲሱ ገበያ መግቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ አባቴም እዚያ እንደቆመ አውቃለሁ። በዚህ ፍጥነት ፊቱ ብደርስ ምን እንደሚያይ አሰብኩ።

በቀኝ በኩል ወደ ባሕር ዛፉ የሚገባ የእግር መንገድ ነበር። ጠዋት ስንወጣ አይቼዋለሁ፤ እናቶቹ ከዚያ ነበር የሚወጡት፤ ሽቅብ ነው። መሪውን ጠመዘዝኩ። ጎማው የመንገዱን ዳር ቦይ ዘለለ፤ ሳይክሉ ዳገቱን ወጣ፣ ወጣ፣ ደከመው፣ ከዚያ ሁለታችንም ደረቅ ቅጠል ውስጥ በጎን ወደቅን። ከላይ ሰማይ፣ ከታች የቅጠሉ ጠረን፣ መሃል ላይ የልቤ ድለቃ።

ደሳለኝ እየሮጠ መጣ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። በሕይወት መኖሬን ካየ በኋላ ቸርኬውን በጣቱ ነካ፤ አሸተተ፤ ቀና ብሎ አየኝ። ናቲና ሌሎቹ ከኋላው ደርሰው ነበር።

«ማነው ቅቤ የቀባው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እንዲፈጥንልኝ ብዬ።»

ናቲ በሳቅ ፈነዳ፤ ሁሉም ፈነዱ። ደሳለኝ አልሳቀም። ሳይክሌን ራሱ ተሸክሞ ቃሬዛ ላይ ጫነው፤ እኔንም ጫነኝ። ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ሜዳ ሲሆን ግን መኪናዋን አስቆመና ሳይክሉን አወረደ። «ቤተሰብ ቆሞ ይጠብቃል አይደል? ከመስመሩ ጋር ግቢ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ገባሁ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ቆሟል፤ እናቴ አጠገቡ። ከሁሉም ቀድሞ እሱ አየኝ።

ያን ቀን ማታ ክንዴ ላይ ቅባት ሲያደርግልኝ እንጨት ጫረኝ አልኩት። እውነት ነበር። ከዚያ በር ላይ ያወለቅሁትን የሸራ ጫማ አነሳ። ገልብጦ ሶሉን አየ፤ ጣቱን አንድ ጊዜ አስኬደበት። ቀና ብሎ ወደ ሳይክሉ ተመለከተ፤ መልሶ ጫማውን ተመለከተ። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጫማውን ቦታው ላይ በቀስታ አስቀመጠና ወደ ጉድጓዱ ወረደ፤ ግን መወርወሪያውን አላነሳም።

በሰፈሩ «አስቱ ቅቤ» የሚል ስም ወጣልኝ። አባቴ አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚሉኝ ጠየቀኝ፤ ፀጉሬ ስለሚለሰልስ ነው አልኩት። እሺ አለ። ደሳለኝ ዛቻውን ትቶ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ሴቶች ይዞ ሄደ፤ ሕጉንም ጥሶ እኔን ከሁለት ዓመት በኋላ መለሰኝ።

አሁን ከተማው ውስጥ የሳይክል መንገድ ተቀብቶበታል፤ ልጆቹ የራስ ቁር ያደርጋሉ፤ ሴት ልጅ ስትነዳ ዞሮ የሚያይ ጥቂት ነው። ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ የመጀመሪያ ሳይክሏን ይዛ መጣች። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ ግን ቆርቆሮዋን አምጪልኝ አለኝ። አጠገቡ ቁጭ አልኩ፤ እሱ ሳያውቅ ቆይቼ በሳሙና ላጥበው ወስኜ ነበር። ሰንሰለቱን ቀባ። ፔዳሉን ቀባ። የመሪውን አንገት ቀባ። እጁ ወደ ቸርኬው ሲሄድ እጄን ዘረጋሁ። የእሱ እጅ ግን ቀድሞኝ ቆመ፤ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ።

«ይቺን አልነካትም» አለ፣ እኔን ሳያይ። «አንዴ ነክቻታለሁ።»

ልጅቷ ሳይክሏን ገፍታ ወጣች። እኔና እሱ የቆርቆሮዋ ክዳን እንደተከፈተ ተቀመጥን። ያኔ እኔ ለእሱ ዝም ብዬለት ነበር፤ እሱም ለካ ይኼን ሁሉ ዓመት ለእኔ ዝም ብሎልኛል። ደጅ ላይ ፍሬኗን ጨብጣ ስትቆም ጎማው ሲጮህ ሰማን። አባቴ ጆሮውን አቅንቶ አዳመጠና ክዳኑን ከደነ።