ከበርበራ የመጣው የጀልባ እግር

ይህ የሆነው ደርግ ወድቆ የባሕር ኃይሉ ከተበተነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሃርጌሳ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነቱ እንደገና ያገረሸ ጊዜ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ሞት አይቻለሁ። እንደዚያች ቀን ልቤ የተሰበረበት ቀን ግን የለም።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ። ምጽዋ በባሕር ኃይል ውስጥ መካኒክ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሁሉም ነገር ሲፈርስ በጅቡቲ በኩል ዞሬ ሃርጌሳ ገባሁና 26 ጁን በሚባል ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና መጠገን ያዝኩ። ሃርጌሳ ባሕር የላትም፤ ባሕሩ በርበራ ነው። የጀልባ ሙያዬን የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ማለዳ ኢስማኤል የሚባል ሰው ፒክአፕ እየነዳ መጣ። የሃርጌሳ ተወላጅ ይሁን እንጂ ያደገው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛው ከእኔም ይፈጥናል። የድሬ ልጅ ነውና አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም።

"ጋሽ ታደሰ፣ የጀልባ ሰው ነህ አሉኝ። ስለ አላህ ብለህ ይህን እይልኝ" አለ።

መኪናው ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ተጋድሟል። ቁስለኛ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሲገልጠው የጀልባ እግር ነው። እግር የምንለው ከጀልባው ኋላ ተንጠልጥሎ፣ ውስጥ ከተቀመጠው ሞተር ኃይል እየተቀበለ ውኃ ውስጥ ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ክፍል ነው።

ነገሩን ዘረገፈልኝ። ቤታቸው አየር ማረፊያው አጠገብ ነበር። ውጊያው ሲበረታ ሲሸሹ ሚስቱን ሳዕዶን የሞርታር ፍንጣሪ ዳሌዋ ላይ መታት። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ "እዚህ የሚሆን አይደለም፣ ጅቡቲ ኦፕራሲዮን ትደረግ" አለው። ያን ሁሉ በረሃ በመኪና ብትንገላታ አትተርፍም። ወንድሙ ጉሌድ በርበራ ጀልባ ስላለው እዚያ አደረሳት። ሊያሳፍሯት ሲሉ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች። ጀልባዋን አሸዋ ላይ ጎትተው አወጡ፤ ብልሽቱ እግሩ ላይ ነው ብለው ፈቱት። ኢስማኤልም ሚስቱን ለወንድሙ ትቶ እግሩን ይዞ ወደ እኔ ገሰገሰ።

እግሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ዘይቱን አወረድኩ። ውኃ ገብቶበት ቢሆን እንደ ወተት ይነጣ ነበር፤ አልነጣም። የብረት ብናኝም የለበትም። ማርሽ አስገብቼ ከሞተሩ ጋር የሚጋጠመውን ዘንግ በእጄ ባዞረው ፕሮፔለሩ አብሮ ዞረ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ አንዱም አልተበላም።

"በሽተኛውን እዚያ ትታችሁ ጤነኛውን አመጣችሁልኝ" አልኩት። ቀልዴን ነበር። እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የበርበራ መንገድ የሚከፈተው ከቀትር በኋላ ነው ስለተባለ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ወደሚገኘው የታር ቤት ሄድን። ታር የሚሉት ስልክ በሌለበት ከከተማ ከተማ ሰው የሚነጋገርበት ሬዲዮ ነው። አንዱ የሚያወራውን ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። ጉሌድን አስጠራነውና እኔ በአማርኛ ስናገር ኢስማኤል በሶማሊኛ አስተላለፈልኝ። እግሩ በወጣበት ቀዳዳ በኩል፣ ዘንጉ ከሞተሩ ጋር ከሚጋጠምበት ጉድጓድ ውስጥ የተጠረበ እንጨት አጥብቀህ ሰካ፤ ሞተሩን ለቅጽበት አስነስተህ አጥፋ፤ እንጨቱ ይዞር እንደሆነ ከሩቅ ተመልከት አልኩት። ጉሌድ ወደ ባሕሩ ሄደ። እኛም ጠበቅን።

ተመልሶ መጥቶ "ሞተሩ ተነሳ፣ እንጨቱ ግን አልዞረም" አለ።

በሽታው ታወቀ። ሞተሩንና ዘንጉን የሚያገናኘው ጎማ ያለበት ማያያዣ ጎማው ተላቆ በባዶ ይሽከረከራል። መለዋወጫው ባይገኝም የማያያዣውን ሁለት ብረት በስቼ በቡሎን ብሰፋው ጅቡቲ ድረስ እንደሚያደርስ ነገርኩት። ኢስማኤል አቅፎ ሳመኝ። ከዚያ በሬዲዮው "ሳዕዶስ?" ብሎ ጠየቀ።

"ተኝታለች" አለ ጉሌድ።

ኢስማኤል ነዳጅ ሊሞላ እየሮጠ ወጣ። ጉሌድ ወንድሙ መውጣቱን ከሬዲዮ ሠራተኛው አረጋገጠ። ከዚያ የተናገረውን ሰማሁ። ሶማሊኛዬ የገበያ ነው፤ ለዚህ ግን በቃኝ። ሳዕዶ ትናንት ማታ ሞታለች። ዛሬ ጠዋት ቀብረዋታል። መሪ ይዞ ኬላ ለኬላ የሚመጣ ሰው ነውና እቤት እስኪደርስ እንዳትነግሩት ብሎ ለመነ።

ጉሌድ ያን እንጨት ጠርቦ የሰካው ከቀብሯ መልስ ነበር። ወንድሙ እንዳይጠረጥር ብሎ።

 ወረፋ ከያዙት አንድ ሽማግሌ ኢና ሊላሂ ብለው መሬት መሬት አዩ። በእኛም አገር መርዶ ወገን በሌለበት አይነገርም። ከጋራዡ መብሻ ትራፓኖዬንና ቡሎኖቼን ይዤ፣ እግሩንም መልሰን ጭነን መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ መንገድ የከፋ መንገድ አልሄድኩም። ኢስማኤል ተስፋ አግኝቷልና አፉ አይከደንም። ማያያዣውን ለመብሳት ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል? ማዕበሉ ያንገላታት ይሆን? ፍራሽ ብናነጥፍላትስ? እኔ ለማይሄድ መንገደኛ ስለ ነፋስና ስለ ፍራሽ እመልሳለሁ። መንገድ ዳር ሴቶች የግመል ወተት ሲሸጡ አየና ቆመ። "ሳዕዶ ይህን ካገኘች ሌላ አትፈልግም" ብሎ ገዛላትና እንዳይደፋ እቅፌ ላይ አስቀመጠው።

ፊቴን አየና "ምነው ጋሽ ታደሰ፣ ደከመህ እንዴ?" አለኝ። ያኔ እንዳያውቅብኝ ምጽዋ የገባሁ ሰሞን የሆንኩትን አወራሁለት። ደገኛ ነኝ፣ ባሕር አይቼ አላውቅም። መርከቡ ሲወዛወዝ ምሰሶውን አቅፌ "አውርዱኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ" ብዬ ነበር። ኢስማኤል መሪውን እየደበደበ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም አብሬው የሳቅሁ መሰልኩ፤ ውስጤ ግን ያርር ነበር።

በርበራ ስንደርስ ከቤቱ ፊት ለፊት ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኢስማኤል መኪናውን ከሩቅ አቁሞ ወረደ።  ጉሌድ ተነስቶ ወደ እሱ ሲመጣ እሱ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። እኔ ወተቱን እንዳቀፍኩ መውረድ አቃተኝ።

በማግስቱ ኢስማኤል ራሱ ወደ ጀልባዋ ወሰደኝ። ጅቡቲ መሄድ ያለባቸው ሌሎች ቁስለኞች እዚያው ወደብ ላይ ነበሩ። ሞተሩን ወደ ፊት ስበን ማያያዣውን በሳሁት፤ ቡሎኑን እኔ ሳጠብቅ እሱ ከወዲያ ያዘልኝ። ብዙ ከሠራን በኋላ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

"ሃርጌሳ ሳለን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አልኩት።

"መንገድ ላይ ስታስቀኝም?"

"አዎ።"

የሚናገረኝን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጀሁ። ቢሰድበኝም ቢመታኝም ፍርዱ የእሱ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ቡሎኑን የያዘበትን ቺያቬ አስቀምጦ ዘይት የነካውን እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

"ያን ሁሉ መንገድ ብቻህን ይዘኸው መጣህ ማለት ነው" አለኝ። "አይዞህ፣ ጋሽ ታደሰ።"

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሞተሩ ላይ ተደፍቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ሚስቱን ሳያያት የቀበሩበት ሰው እኔን ያባብለኛል። ጀልባዋ እግሯ ተገጥሞላት በቀትር ቁስለኞቹን ጭና ሄደች። እኔም ሃርጌሳ ተመለስኩ፤ ኢስማኤልን ዳግም አላየሁትም።

አሁን አርጅቻለሁ። ለቅሶ ቤት ስሄድ ሰው ሁሉ ሐዘንተኛውን አይዞህ ይላል፤ እኔም እላለሁ። ያቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ ግን ድምፄ ይሰበራል። ሐዘንተኛ ያጽናናው ለቀስተኛ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።