ሚኒባስ ውስጥ የታረቀው የዳይቪንግ ዕቅዳችን

ዛሬ ከመርሳ ወልድያ እስክንደርስ የሚኒባሱ ሰው በሙሉ እኔንና ጓደኛዬን ሲያስታርቅ መጣ።

በሚቀጥለው ወር ጅቡቲ ላይ ጥልቅ ዳይቪንግ፣ ማለትም ባሕር ውስጥ ጠልቆ መዋኘት፣ አለን። (ወልድያ ባሕር የላትም ብላችሁ አትድከሙ፤ እናውቃለን።)

ከባሕሩ ጥልቀት ስንወጣ መሃል ላይ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቆመን ካልቆየን፣ ደማችን ውስጥ ያለው ጋዝ እንደተናጠ ለስላሳ ይፈላል።

እኔ የቆይታውን ልክ እጅ ላይ የሚታሰረው የዳይቪንግ ኮምፒውተር ይንገረን አልኩ። እሱ ከወረቀት ሰንጠረዥ ውጭ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ተጯጯህን።

ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ሼህ ጣልቃ ገቡ። "በአላህ ይዣችኋለሁ! ያንተ ስንት ደቂቃ አለ?"

"ሠላሳ" አልኩ።

"ያንተስ?"

"ሃምሳ" አለ ጓደኛዬ።

"በቃ አርባ ይሁን፤ ተሳሳሙ!"

ተሳፋሪው "አሚን" አለ። ተሳሳምን፤ ምን ይደረግ፣ ሽማግሌ አይረገጥም።

እስቲ እናንተም ሽማግሌ እምቢ ማለት አቅቷችሁ የገባችሁበትን ጉድ ንገሩኝ። እኛ አሁን አርባውን እንዲቀበለን ወደ ባሕሩ የሚላክ ሽማግሌ እየፈለግን ነው።