ከእህቱ ቤት የጀመረው ከንቲባ

የተቃጠለ ናፍጣ ከትኩስ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ በሸተተኝ ቁጥር፣ የትም ብሆን፣ የአባቴ ወፍጮ ቤት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። አባቴ ደሳለኝ በወጣትነቱ ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ፣ ወባው ሳይገድለው ተመልሶ፣ ከአርብ ገበያ ወደ ንፋስ መውጫ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማችን የመጀመሪያውን የሞተር ወፍጮ የተከለ ሰው ነበር። ወፍጮው የቆመው ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ የሺ፣ ከጓሮዋ ቆርሳ በሰጠችው ቦታ ላይ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ ባል ሲመጣላት «ይህ ልጅ ነፍስ ይወቅ» እያለች ስትመልስ ኖራ፣ ዘግይታ አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ወልዳ፣ ባሏም ሞቶባት በወላጆቻቸው ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር። ከተማው ሁሉ አባቴን «አንቱ» ሲለው እሷ ብቻ «ደሴ» ትለው ነበር።

መኸር ገብቶ ገብሱና ስንዴው ሲወቃ ወፍጮ ቤቱ ከጧት እስከ ማታ በሰው ይጨናነቅ ነበር። ገበሬዎቹ አህያቸውን እየነዱ መጥተው፣ ስልቻቸውን በተራ ደርድረው ግድግዳ ጥግ ይቀመጣሉ፤ አባቴም ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት ነጥቶ፣ ቄስ ይሁን ሹም ማንንም ከተራው ሳያስቀድም ይፈጭላቸው ነበር። አንድ ቀን አክስቴ የሺ እህሏን ይዛ መጥታ ከፊት ልታስቀምጥ ስትል «እትዬ፣ ተራሽ ከኋላ ነው» ብሎ ቢመልሳት፣ ቤቱ በሳቅ ተሞላ፣ እሷም እየሳቀች ወደ ኋላ ሄደች። ይህ ነገር ከአንዱ ወደ አንዱ ሲወራ ከርሞ፣ ከተማችን ማዘጋጃ ቤት በተፈቀደላት ጊዜ ሰው «ተራ የሚያውቅ ሰው ይሾምልን» አለና አባቴ ከንቲባ ሆነ።

በዚያ በጋ ወፍጮውን ለእናቴ ወንድም ትቶ፣ ሰፊ ኮት ገዝቶ፣ በየሳምንቱ ለስብሰባ ወደ ንፋስ መውጫ ይመላለስ ጀመር። እኔ በትምህርት ቤት «የከንቲባው ልጅ» መባሌ ደስ እያለኝ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። ፋሲካ እንዳለፈ ቀያሾች መጥተው መንገዱ ሊሰፋ ነው ብለው፣ በአንድ በኩል ያሉት የሚፈርሱ ቤቶች ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። የአክስቴም ቤት ተቀባ፤ ወፍጮው ግን ከኋላ ስለነበር ተረፈ።

ሕዝቡ በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። እኔም ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። አንድ ነጋዴ ተነሥቶ ጋቢውን አደላደለና፣ «ክቡር ከንቲባ፣ የእህትዎም ቤት ይፈርሳል ወይስ ቀለሙ የሚሠራው ለእኛ ብቻ ነው?» አለ። አባቴ ፊቱ ቀላና «ከእህቴ ቤት እጀምራለሁ» አለ። ጭብጨባው ግቢውን ናጠው። እኔም መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ። እናቴ ግን እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደከተተች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ለእሷ እኮ አልነገራትም» አለች።

አክስቴ ወሬውን የሰማችው ውኃ ስትቀዳ ከጎረቤት ነው። ማታውኑ አባቴ ሊያስረዳት ሲሄድ ተከትዬው ነበር። ቁጭ በል ሳትለው፣

«ደሴ፣ እኔንም ከሌላው ሰው ጋር ብታስነሣኝ ምን ነበረበት?» አለችው።

«እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ሁልጊዜ ይላል።»

ግንቦት ላይ ሊያፈርሱ በመጡበት ጧት አክስቴ ወለሉን እየጠረገች ሳለ ደረሱ። እናቴ «ኧረ እትዬ፣ ለማን ነው?» ብትላት፣ «ቆሻሻ ቤት አፈረሱ እንዳይባል» ብላ ጠርጋ ጨርሳ፣ መጥረጊያውን በደጅ አቁማ ወጣች። ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ አባቴ የተወለደባት ጓዳ ፀሐይ ሲገባባት አየሁ። እሱ በሥራ አመካኝቶ ከቢሮው አልወጣም ነበር።

ክረምቱን ከእኛ ጋር ከረመች። እህል የምናስቀምጥባት ክፍል ተለቅቆላት፣ በወንድሟ ቤት እንደ እንግዳ ተጠንቅቃ እየተቀመጠች፣ ሳትጠራ ማእድ አትቀርብም ነበር። አባቴ እያመሸ መምጣት ጀመረ። ዝናቡ ስለጠነከረ የሌሎቹ ቤት መፍረስ ለመስከረም ተላለፈ፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ መሐንዲሶች መጥተው መሬቱ ይንሸራተታል ብለው መንገዱ ከከተማው በታች እንዲያልፍ ወሰኑ። በየግድግዳው የነበረውን ቀይ ቀለም ዝናቡ አጥቦት ነበር። ከዚያ ሁሉ ቤት የፈረሰው የእሷ ብቻ ሆነ።

አባቴ ያንን ዜና ይዞ የገባ ዕለት እንጀራ ቆርሶ መጉረስ አቃተው። «እትዬ፣ እዚያው ላይ ከበፊቱ አሳምሬ እሠራልሻለሁ» አላት። እሷም ቀና ብላ ሳታየው፣ «ቤቱን ትሠራው ይሆናል። ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ አንተ ሳትነግረኝ መነሣቴን ግን በምን ትሠራዋለህ?» አለችው። በሳምንቱ ልጇ ካገባችበት፣ ከስማዳ፣ አማቿ በቅሎ ይዞ መጥቶ እዚያው ስማዳ ውስጥ ወዳለችው ወገዳ ወሰዳት።

አባቴ ዓመት ሳይሞላው «ጤና አጣሁ» ብሎ ሹመቱን ተወ። በሁዳዴ የንስሐ አባታችንን መምሬ አላምረውን ለምኖ፣ እኔንም አስከትሎ ወገዳ ወረደ። ከደጇ ሲደርስ ድንጋይ አንሥቶ በማጅራቱ ተሸክሞ ተንበረከከ። መምሬም «የሺ፣ ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ» ብለው ገና ሳይጨርሱ፣ ሮጣ ድንጋዩን በገዛ እጇ አውርዳ፣ አንገቱን እያሻሸች፣ «አሞሃል ደሴ? ይቅር ብዬሃለሁ፤ ተመለሽ ብቻ አትበለኝ» አለችው። ያኔ አባቴ ጮክ ብሎ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። አክስቴ እዚያው ወገዳ ኖራ፣ እዚያው ተቀበረች።

ዛሬ ከተማችን ባጃጅ የሚርመሰመስባት፣ ፎቅ የተሠራባት ሆናለች፤ በአክስቴ ቤት ቦታም ሱቅ ቆሞበታል። አባቴ አርጅቶ በምርኩዝ ይሄዳል። ለዓመት በዓል ስሄድ አብሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስንመለስ፣ የዚያን ዘመን ሰዎች አስቁመው፣ «እንደ እርስዎ ያለ ከንቲባ ከወዴት ይምጣ! ከእህቱ ቤት የጀመረ!» እያሉ ለልጆቻቸው ያሳዩታል። እሱ አንገቱን ሲደፋ ትሕትና ይመስላቸዋል። ልጅ ሳለሁ እንዲህ ሲመሰገን ስሰማ ቀና ብዬ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ እፈልግ ነበር፤ አሁን ግን ክንዱን ይዤ አብሬው መሬት መሬት እያየሁ አልፋለሁ።