የትልቋ ልጄ ፎልደሮች

በዚያን ቀን ጋምቤላ ከተማ አንድ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። እኔ፣ ኮሌጅ የምትማረው ታናሿ ልጄ፣ ብቻሽን አትሄጂም ብላ የተከተለችኝ አኝዋክ ጎረቤቴ፣ የቤቱ ባለቤት፣ እና ወረቀት ኮፒ ሊያስደርጉ ከመቲ ከተማ ወርደው መብራት እስኪመጣ በርጩማ ላይ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ። ትልቋ ልጄ አልነበረችም። የሄድነው ግን በእሷ ላፕቶፕ ጉዳይ ነው።

ላፕቶፑን ሠርታ የገዛችው እሷ ናት። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግታ ለሰው ማመልከቻና ውል ትጽፍ ነበር። ከዚያ ጁባ ሥራ አግኝቻለሁ ብላ ላፕቶፑን ለእህቷ ተወችላትና ድንበር ላይ ባለችው ማታር በኩል ወጣች። ማታር ደርሳ ደወለችልኝ።

«ነገ በጀልባ እንሻገራለን እማ። ምግብ ቤት ያላት ሴትዮ ናት የምትቀጥረኝ።»

«ማን ትባላለች ሴትዮዋ?»

«ብነግርሽስ ታውቂያታለሽ? አንቺ ደግሞ!» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁና ሳልጠይቃት ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። ሁለት ክረምት አለፈ። ከጁባ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ሁሉም መልሶ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ማን ጋ ነው የገባችው?» ይለኛል። እኔ ደግሞ የማላውቀው እሱኑ ነው። ያቺ ሴትዮ ማን እንደምትባል ባውቅ ኖሮ ልጄን የሚፈልግልኝ ሰው አላጣም ነበር።

ታናሿ የመመረቂያ ጽሑፏን ስትጀምር ላፕቶፑ እየተንቀራፈፈ አስቸገራት። ለኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት ሰጠችውና ደውሎ ፎርማት ላድርገው፣ ያለውን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው አላት። እኔ ይህን ስሰማ ስልኩን ከእጇ ቀምቼ፣ «አደራህን ወንድሜ፣ የእህቷ ነገር አንድም እንዳይጠፋ» አልኩት። እሱም ቃሌን ጠብቆ አዲሱን ሲስተም ጫነና የድሮውን እንዳለ በአንድ ፎልደር ውስጥ ወደ ጎን አስቀመጠው። ጥሩ ሰው ነው። ግን ቦታው ሞላ። ልጄ የጻፈችውን ላስቀምጥ ስትል ማሽኑ አልቀበልም ይላት ጀመር። ጽሑፉን ለማስረከብ የቀራት ጊዜ ጥቂት ነበር። የግድ የድሮው መነሳት አለበት ተባለና ሄድን።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር ላፕቶፑ የሚሠራው በባትሪ ነው። ሙቀቱ ያፍናል። ባለቤቱ ፎልደሩን ሊሰርዝ ሲል አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። እኔ እንግሊዝኛ አላነብም፤ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ልጄን ምን እንደሚል ጠየቅኋት።

«ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል።»

«የማን ፈቃድ?»

ወደ ባለቤቱ ዞረች። ባለቤቱ መለሰልኝ፤ «የባለቤቷን ነው እናቴ። በድሮው ሲስተም ፎልደሩ የእሷ ነበር፤ ያለ እሷ ፈቃድ አይነካም።»

«ይሄ ማሽን ዘበኛ ነው እንዴ?» አለች ጎረቤቴ። «የሌለ ሰው ጥሩልኝ ይላል!»

ባለቤቱ ሳቀና የባለቤቷን ስም የሚያሳየውን ቦታ ከፈተ። ስም የለም። ‘የማይታወቅ’ ይላል አለችኝ ልጄ፤ ቀጥሎ ረጅም ቁጥር አለ። ስሟ የት ሄደ ብዬ ጠየቅሁ።

«ስሟን የሚያውቀው የድሮው ሲስተም ነበር» አለኝ ባለቤቱ ቀስ ብሎ። «አዲሱ እሷን አያውቃትም። ለእሱ የቀረው ቁጥሯ ብቻ ነው።»

ነገሩ የማሽን ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጄን ስፈልግ በየቢሮው የሰማሁት መልስ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

«እንግዲያው ይቅር» አልኩ። «እሷ ካልፈቀደች አይነካ።»

«እማ» አለች ታናሿ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እኔስ? እኔ አለሁ እኮ። የኔን የት ላድርገው?»

ይህን በሰው ፊት ብላኝ አታውቅም። እውነቷን ነው። እኔ ስለሄደችው ሳስብ ያለችውን የረሳሁበት ቀን ብዙ ነው። እሺ አልኩ። ግን ከመሰረዙ በፊት ውስጡ ያለውን አሳዩኝ ብዬ ለመንኩ።

ባለቤቱ ጥቁር ሰሌዳ የመሰለ ነገር ከፍቶ ጥቂት መስመር ጻፈ። የፎልደሩን ባለቤትነት ወስዶ ለታናሿ ማድረጉ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ እየተነሣሁ እንደገና እቀመጥ ነበር።

«አንቺ ደገኛ፣ የሚታከመው ማሽኑ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?» አለችኝ ጎረቤቴ፤ እጄን ግን ይዛ አልለቀቀችም።

ተከፈተ። መጀመሪያ የወጡት ፎቶዎች ናቸው። ራሷን ያነሳችው አለ፤ ከባሮ ድልድይ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ያለች አለ። አንዱ የኔ ነው። ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ አፌን ከፍቼ፣ ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዶ።

«ይህን እንኳ ደብቂው! ሰው ያያል!» ብላ ጎረቤቴ ከት ብላ ሳቀች። ሽማግሌውም ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ሳቄ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመርኩ። ባለቤቱ ፎቶዎቹን በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጠልን። ፍላሹ ሞላ።

የቀረው አንድ ትልቅ ፎልደር ነው። ታናሿ አንዳንዱን እየከፈተች አየችው። ለደንበኞቿ የጻፈችው ማመልከቻ፣ ውል፣ ስካን ያደረገችው መታወቂያና የመሬት ወረቀት ነው። ብዙ ነው፤ ቦታውን የያዘውም እሱ ነው። ይህን ሲሰሙ ሽማግሌው ከበርጩማቸው ተነሡ።

«ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ትጽፍ የነበረችው ረጅሟ ልጅ ናት እንዴ? የኔንም ጽፋልኛለች! የቡና መሬቴን ክርክር። ያ ወረቀት እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው?»

«ሊኖር ይችላል አባቴ» አለ ባለቤቱ።

«ኧረ በስማም! ክርክሩ እኮ አላለቀም። ነገ የማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል? እባክሽ ልጄ፣ አጥፊልኝ።»

እኔ የሰው ወረቀት እፈራለሁ። ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ልጅ ነበርኩ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያለ ቦታው ተገኝቶ ሰው ሲጠየቅ፣ ቤት ሲፈተሽ አይቻለሁ። የስንት ሰው መታወቂያና ውል በልጄ ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን ከየት አመጣሽው ብትባልስ አልኩ። አንዷ የት እንዳለች አላውቅም፣ ሁለተኛዋ ላይ ችግር እንዳይመጣ ፈራሁ።

«የሰው ነው፣ ይሰረዝ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት እናቴ? ከጠፋ አይመለስም። ሌላ ፍላሽ ካመጣችሁ ላቆየው እችላለሁ።»

«አይ፣ ይሰረዝ።»

ሰረዘው። በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የሚጠፉት ፋይሎች ስም ተራ በተራ እየወጣ ወደ ላይ ይሮጥ ጀመር። ታናሿ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ትከተለው ነበር። ድንገት ጮኸች።

«ቁም! ቁም! ‘ውል ጁባ’ ይላል!»

ባለቤቱ ፈጥኖ አስቆመው። ያ ስም ግን ከተሰረዙት መካከል ነበር። ውል ማለት ቀጣሪና ተቀጣሪ ያለበት ወረቀት ነው። የቀጣሪ ስም ይጻፍበታል፣ ቦታው ይጻፍበታል። ልጄ ለሰው ሁሉ ውል የምትጽፍ ለራሷ ሳትጽፍ ትሄዳለች?

ባለቤቱ ብዙ ለፋ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አመጣ። መብራት መጥቶ ፋኑ መዞር ሲጀምር እሱ አሁንም ላፕቶፑ ላይ እንዳጎነበሰ ነበር። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «የዚህ ላፕቶፕ ዲስክ አዲሱ ዓይነት ነው፤ አንዴ ከሰረዘ አይመልስም። ይቅር በሉኝ» አለ። ሽማግሌው ኮፒያቸውን ትተው፣ «እኔ ነኝ ያስጠፋሁት፣ እኔ ነኝ» እያሉ ቆሙ። እሳቸው አልነበሩም። ይሰረዝ ያልኩት እኔ ነኝ።

«የሌላ ሰው ውል ይሆናል» አለችኝ ጎረቤቴ ወደ ቤት ስንመለስ። «ስንቱ ነው ጁባ የሚሄደው። ለስንቱ ጽፋለች።»

ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ራሴን ላሳምን እሞክራለሁ። የሌላ ሰው ከሆነ ምንም አላጠፋሁም። የእሷ ከሆነ ግን መንገዷን በገዛ አፌ ዘጋሁ። የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ልብስ ሳጥብም፣ ገበያ ስሄድም ይመጣብኛል። ሌላ ፍላሽ ላምጣ ብል ኖሮ ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ሁሉን ነገር ስጠነቀቅ ኖሬ፣ የተጎዳሁት ስጠነቀቅ ነው።

ታናሿ ጽሑፏን አስረክባ ተመርቃለች። አንድም ቀን «አንቺ ነሽ» ብላኝ አታውቅም። እኔ ባለሁበት ግን ያንን ላፕቶፕ አትከፍተውም፤ ይዛው ወደ ጓዳ ትገባለች።

አሁን ይህን የማስጽፈው ስለ አንድ ነገር ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ለጁባ ሥራ ውል ያስጻፋችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ የእናንተ ከሆነ ንገሩኝ፤ ቢያንስ ይህ ይለይልኝ። በማታር በጀልባ የተሻገራችሁ፣ ጁባ ምግብ ቤት ያላችሁ ወይም የምትበሉ፣ ረጅም፣ ጠይም፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን የጋምቤላ ልጅ ካያችሁ፣ መቼና የት እንዳያችኋት ንገሩኝ። ደህና ናት? ታማለች? ክፉም ቢሆን አትደብቁኝ።