ልብስ ሰፊ ናት የተባለችው እናት

ሰፈሩ «በረኪና» ይላታል። ልብስ ታነጣለች፤ ምላሷም ያቃጥላል።

ባሏ አራስ ልጅ አስታቅፏት ሲጠፋ ወንዝ ወረደች። በዚያ ድሮ ለሕዝብ የተተከለ ትልቅ መናፈሻ አለ፤ በአንዱ ጥግ፣ ውሃው ዳር፣ አጣቢዎች ይቀመጡ ነበር። ልጇን አዝላ የሰው አንሶላ ስታሽ ዓመታት አለፉ። መናፈሻው ሲታደስ ግን ዳርቻው ታጠረና አጣቢዎቹ ተባረሩ። እሷም ቤት ለቤት እየዞረች አጥባ ልጇን አስተማረች። ልጅቷ ባንክ ገባች፤ የደህና ቤተሰብ ልጅም አጫት።

የእጮኛዋ እናት «እሑድ መናፈሻው ውስጥ እንተዋወቅ» ብለው ጋበዙ። ጠዋት ልጅቷ የእናቷን ሻርፕ እያስተካከለች፣

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪኝ» አለች።

«ደግሞ ምን አጠፋሽ?»

«እናቴ ልብስ ሰፊ ናት ብያቸዋለሁ።»

በረኪና ሻርፗን ራሷ አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች።

መናፈሻው አምሮበታል። በዛፎቹ ጥላ ሥር እያወጉ ወደ ውሃው ወረዱ። አጣቢዎቹ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን ሐውልት ቆሟል፦ ልጅ ያዘለች፣ ጎንበስ ብላ አንሶላ የምትጨምቅ ሴት።

«ውይ፣ ምስኪን!» አሉ የእጮኛው እናት። «ድሮ እዚህ ያጥቡ ነበር አሉ። አሠራሩ ግን ሲያምር! በሉ ፎቶ እንነሳ፤ እትዬ፣ እርስዎ መሀል ይግቡ።»

በረኪና ልጇን አየቻት። ልጇ ወንዙን ታያለች።

መሀል ገባች። ሳሙና የበላውን እጇን ሻርፗ ውስጥ ደበቀች።

«ፈገግ በሉ!» አለ እጮኛው። ጥርሷን አሳየች።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ፣ «ያቺ የታዘለችው ማን ትመስልሻለች?» አለቻት በረኪና ልጇን።

«እማዬ፣ ሰው ይሰማል።»

ሠርጉ ተሠረገ፤ ልጅም ተወለደ። አማትየው «አያቱ ይስፉለት» ብለው ጥሩ ጨርቅ ላኩ። በረኪና በዕድሜዋ የስፌት መኪና ነክታ አታውቅም። ጨርቁን መንገድ ዳር ላለው ልብስ ሰፊ ሰጥታ አሰፋችና ወደ ልጇ ቤት ይዛ ሄደች።

አማትየው ስፌቱን ገልበጥ አድርገው አዩት። «እጅዎ ይባረክ! ሙያ ማለት ይሄ ነው!»

«እማዬ እኮ ድሮም እንዲህ ናት» አለች ልጅቷ። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

በመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ያጠበችውን የሕፃኑን ሽንት ጨርቅ ስታሰጣ ትታያለች። ክንዷ እስከ ክርኗ ርሷል። በረኪና ሰላም ልትላት ብድግ አለች።

«ተያት፣ እማዬ» አለች ልጇ። «ሥራ ላይ ናት።»

በረኪና ተመልሳ ተቀመጠች።